ከሊድስ ዊትቢ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን፤ አንድ ጥያቄና የተከተሉት ሃያ አራት ምላሾች

ጥያቄውን በአንድ መወያያ መድረክ ላይ ያቀረበችው ሊድስ ውስጥ ላለ አንድ የጽዋ ማኅበር የነሐሴ ጉዞ የምታስተባብር እህት ናት። ባለ 49 መቀመጫ አውቶቡስ ሊከራዩ አስበዋል። ከተጓዦቹ መካከል ጉልበት የሚያማቸው እናቶች፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት የሆናቸው ልጆችና አሥር የሚሆኑ ወጣቶች አሉ። መድረሻቸው ዊትቢ ናት፤ በሰሜን ዮርክሻየር የኤስክ ወንዝ ከሰሜን ባሕር የሚቀላቀልባት፣ በወንዙ ግራና ቀኝ ገደል ላይ የተሠራች አሮጌ የዓሣ አጥማጆች ከተማ። ቀኑ ቅዳሜ ነሐሴ 2 ቀን 2018። ጠዋት በገደሉ ላይ ወዳለው ገዳም የሚያወጣውን 199 ደረጃ ወጥተው ፍርስራሹን ያያሉ፤ ምሳ ፊሽ ኤንድ ቺፕስ፣ የተጠበሰ ዓሣና ድንች፣ ይበላሉ፤ ከሰዓት በኋላ ወጣቶቹ በገደሉ ሥር አሸዋ አሸዋውን በእግር ወደ ሮቢን ሁድስ ቤይ መንደር ይሄዳሉ፤ አውቶቡሱም እዚያ ይጠብቃቸዋል። መንገዱ ካርታው ላይ ቅርብ መስሎ ታይቷታል። ያልታያቸው ነገር ካለ እንዲነገራቸው ጠየቀች።

1ኛው ምላሽ ትሑት ነበር፤ በመንገዱ ጀመረ። ከሊድስ ዊትቢ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገድ ክፍት ከሆነ ሁለት ሰዓት ይበቃል፤ በነሐሴ ቅዳሜ ግን ኤ64 ላይ ከዮርክ እስከ ማልተን ስለሚጨናነቅ ሁለት ሰዓት ተኩልም ሊያንስ ይችላል። ከፒከሪንግ በኤ169 ገላጣውን ኮረብታማ ምድር አቋርጦ የሚሄደው አጭሩ መንገድ መጨረሻው ላይ፣ ስላይትስ መንደር ሳይደርስ፣ ብሉ ባንክ የሚባል ቁልቁለት አለው። ቁልቁለቱ በአምስት ሜትር አንድ ሜትር ይወርዳል፤ ፍሬን ለከዳው መኪና ማምለጫ መንገድ የተሠራለትም ለዚህ ነው። ሰው የጫነ አውቶቡስ የሚነዳ ሰው ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት ዝቅተኛ ማርሽ መያዝ አለበት፤ ፍሬን ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል። ይህን የማይፈልግ ሾፌር በስካርብሮ በኩል በኤ171 ይዙር። መሐል ከተማ ለትልቅ አውቶቡስ ማቆሚያ ጥቂት ስለሆነ ቦታው አስቀድሞ ይያዝ፤ በትናንሽ መኪና የሚከተሉ ደግሞ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ኤ171 ላይ በበጋ የሚከፈተውን መኪና አቁሞ በአውቶቡስ መግቢያ ይጠቀሙ።

2ኛው ምላሽ ሰላምታም አልነበረው። የወጣቶቹ የአሸዋ ጉዞ ከዕቅዱ ይውጣ ብሎ ነው የጀመረው። ከዊትቢ ምሥራቃዊ ወደብ ወደ ደቡብ ሲሄዱ አሸዋው ብዙም አይርቅም፤ ከዚያ በኋላ በገደሉ ሥር ያለው የሚያዳልጥ ዝርግ ዐለት ነው። ባሕሩ ሲሞላ ውኃው የገደሉን እግር ይነካል። ሶልትዊክ ቤይ ላይ ወደ ላይ የሚያወጣ የእግር መንገድ አለ፤ ከዚያ አልፎ እስከ ሮቢን ሁድስ ቤይ ግን በቀላሉ የሚወጣበት የለም ማለት ይቻላል። ገደሉ ራሱ ስስ የሸክላ ድንጋይ ስለሆነ ያለ ማስጠንቀቂያ ይናዳል፤ ስለዚህ ውኃ የዘጋበት ሰው ወደ ገደሉ ተጠግቶ ልጠብቅ ቢል ከሁለት አደጋ መሐል ይቆማል። በእግር መሄድ ከፈለጉ ከላይ፣ በገደሉ አናት፣ ክሊቭላንድ ዌይ በሚባለው የእግር መንገድ ይሂዱ። እሱም 11 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወጣ ገባ ስላለው ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይፈጃል። ያላወቀውን ባሕር ሰው ልጆች ይዞ አይሞክረው ብሎ ዘጋ።

3ኛው ምላሽ 2ኛው የተናገረውን ሳይቃወም አነጋገሩን አለዘበና ሁለት አማራጭ አመጣ። አንደኛው ከዊትቢ በስተ ምዕራብ ያለው ረጅም አሸዋ ነው፤ እስከ ሳንድስኤንድ መንደር 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ውኃው ጎድሎ ሳለ ብቻ ይሄዱበታል፤ ሲሞላ አሸዋው ይጠባል፣ ቦታ ቦታም ይጠፋል። ሁለተኛው ሮቢን ሁድስ ቤይን በኤክስ93 አውቶቡስ ደርሶ ከመንደሩ ግርጌ ቦግል ሆል እስከሚባለው ትንሽ ወሽመጥ ያለውን አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ አሸዋና ዐለት ማየት ነው። እዚያ መልሱን በገደሉ አናት መንገድ መምጣት ይቻላል። ትልቁ አውቶቡስ ወደ መንደሩ ቁልቁል አይወርድም፤ ማቆሚያው ከላይ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው መንገድ እጅግ ቀጥ ያለ ስለሆነ ጉልበት የሚያማቸው እናቶች እንዲወርዱ አልመከረም።

የክሩ፣ የዚህ ተከታታይ ውይይት፣ ዋና ነገር 4ኛው ላይ ነው፤ ጉዞ የሚያስተባብር ሰው ሁሉ ቢያነበው እመኛለሁ። ጸሐፊው ሙላትና ጉድለት እንዴት እንደሚሠራ ከሥሩ አስረዳ። ባሕሩ ከሙላት ወደ ጉድለት ለመድረስ ስድስት ሰዓት ከሩብ ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ሰዓቱ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ወደፊት ይገፋል፤ የዛሬን ሰዓት ይዞ በሚቀጥለው ሳምንት መሄድ አይቻልም። ጨረቃ በምትወለድበትና በምትሞላበት ሰሞን ሙላቱ ከፍ፣ ጉድለቱም ዝቅ ይላል፤ ዊትቢ ላይ ያኔ ልዩነቱ ወደ 4 ሜትር ተኩል ነው። ውኃው ግን በእኩል ፍጥነት አይወጣም። መርከበኞች ልዩነቱን በ12 ይከፍሉታል፦ በመጀመሪያው ሰዓት አንድ እጅ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስት፣ በአምስተኛው ሁለት፣ በስድስተኛው አንድ። 4 ሜትር ተኩል ማለት እንግዲህ በሦስተኛውና በአራተኛው ሰዓት ብቻ ከ2 ሜትር በላይ ይወጣል ማለት ነው። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ሰዓት ዝግተኛ ስለሆነ ውኃው የቆመ ይመስለዋል፣ ቅሪተ አካል ሲለቅም ይቆያል፣ ቀና ሲል መመለሻው ተዘግቷል። ደንቡ ቀላል ነው፦ ውኃው እየጎደለ ሳለ ተነሡ፣ ዝቅ ያለበት ሰዓት ሲደርስ ፊታችሁን ወደ መውጫው መልሱ። የሰባት ቀን ሰንጠረዥ የእንግሊዝ የባሕር ካርታ ድርጅት ኢዚታይድ በሚባለው ገጹ በነፃ ያወጣል።

5ኛው አመስግኖ የጎደለ የመሰለውን ጨመረ። ዊትቢ ላይ ጨረቃ በተወለደችና በሞላች ማግሥት ባሕሩ የሚጎድለው ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ግድም ነው ብሎ ጻፈ።

6ኛው በዚህ ተቆጣ፤ መቆጣቱም ልክ ነበር። 5 ሰዓት ተኩል በማን ሰዓት? በእኛ አቆጣጠር ረፋድ ነው፤ እንግሊዝ ያደገ ልጅ ስልኩ ላይ ሲያነበው ግን ከሰዓት በኋላ 5:30 ብሎ ይይዘዋል። በሁለቱ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ስድስት ሰዓት ነው፤ ከጉድለት እስከ ሙላት ያለውም ስድስት ሰዓት ከሩብ። እንግዲህ የሰዓቱን አቆጣጠር የተሳሳተ ሰው ትንሽ አይዘገይም፤ ባሕሩ ጎድሏል ብሎ የሚሄደው ልክ በሞላበት ሰዓት ነው። ሌላ ጉዞ ላይ ይህ ስሕተት አውቶቡስ ያስመልጣል፤ እዚህ ሕይወት ያጠፋል። ጽሑፉ አሁኑኑ ይታረም ብሎ ጠየቀ።

7ኛው ያው 5ኛው ጸሐፊ ነው። ጥፋቱን ተቀበለ፤ ረፋድ ማለቱ እንደነበር፣ በእንግሊዝ ሰዓት ከ11:30 እስከ 12:00 ግድም መሆኑን አርሞ ጻፈ፤ የዕለቱ ደቂቃም ከሰንጠረዡ እንጂ ከእሱ እንዳይወሰድ አሳሰበ። አንድ ሌላ ጥንቃቄም አከለ፦ አንዳንድ የታተሙ ሰንጠረዦች ዓመቱን ሙሉ በግሪንዊች ሰዓት ስለሚጻፉ በበጋ አንድ ሰዓት መደመር ያስፈልጋል። ሰንጠረዡ አናት ላይ በየትኛው ሰዓት እንደተሠራ ይጻፋል፤ ሳይነበብ የሚታለፈውም እሱ ነው።

ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ ምግብ ዞረ። 8ኛው ምላሽ ነሐሴ 2 ፍልሰታ ጾም መሆኑን አስታወሰና ምሳው ላይ ጥያቄ አነሣ። በዮርክሻየር ባህል ዓሣውም ድንቹም የሚጠበሰው ከበሬ ስብ በተነጠረ ቅባት ነው። ብዙ ቤቶች እስከ ዛሬ በዚሁ ይሠራሉ፤ ጣዕሙም ከዚያ ነው የሚመጣው ይላሉ። ስለዚህ ዓሣውን ትቶ ድንች ብቻ የሚያዝ ጿሚም ሳያውቀው ሞራ ይበላል። በአትክልት ዘይት የሚጠብሱ ቤቶች አሉ፤ ግን ከመግባት በፊት በምን እንደሚጠብሱ፣ ድንቹንም ለብቻው መጥበሻ እንዳላቸው መጠየቅ ይገባል። ለ49 ሰው ደግሞ ወረፋ ላይ ቆሞ መጠየቅ አይሆንም፤ አስቀድሞ ስልክ መደወል ነው።

9ኛዋ ጸሐፊ እስልምና ተከታይ ናት፤ ጉዳዩ የጾም ብቻ አለመሆኑን አስረዳች። ቅባቱ ከበሬ ስለሆነ በሐላል መንገድ ያልታረደ ከሆነ ለሙስሊም ጎረቤቶቻቸውም አይሆንም፤ ዓሣ ነውና ምን አለበት ብሎ የሚገባው ብዙ ነው። አንዳንድ ቤቶች የዓሣውን ሊጥ በቢራ እንደሚያቦኩም አስጠነቀቀች። ለሁሉም የሚያስማማው ከቤት ይዞ መሄድ ነው ብላ ደረቅ ደረቁን ዘረዘረች፦ ዳቦ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ሻይ በፔርሙዝ። ወጥ አልመከረችም፤ ነፋሱ አሸዋ ይበትንበታል።

10ኛውና 11ኛው ዓሣ በፍልሰታ ይበላል አይበላም በሚል ተያያዙ። አንዱ ዓሣ ደም የሌለው ነውና ከሥጋ አይቆጠርም አለ፤ ሌላው ፍልሰታን ከረቡዕና ዓርብ ጋር አታምታታ ብሎ መለሰ፤ ቃላቱም ሻከሩ። 12ኛው የመድረኩ አስተናባሪ ነው፤ ነገሩን እያንዳንዱ ከንስሐ አባቱ ይጠይቅ፣ እዚህ ክር ላይ የምንነጋገረው ስለ ቅባቱ ነው ብሎ በሁለት መስመር ዘጋው። ደግ አደረገ።

13ኛው መውጫ አገኘ። ጉዞው ከፍልሰታ በኋላ ይሁን፤ ነሐሴ 16 በዓሉ ስለሆነ ሰው ቤተ ክርስቲያን ይውላል፤ ነሐሴ 23 ቅዳሜ ይመቻል። ጨረቃ የምትሞላው በዋዜማው ነሐሴ 22 ነውና ባሕሩ በጣም የሚጎድልበት ሰዓትም እኩለ ቀን ግድም ይውላል፤ ለቦግል ሆል ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም። አንድ ጉድለት ግን አለበት፦ ነሐሴ 25 ሰኞ የእንግሊዞች የነሐሴ ማብቂያ በዓል ስለሆነ ቅዳሜው መንገድ ይጨናነቃል። ስለዚህ ሁለት ሰዓት ተኩል የተባለው ሦስት ሰዓት ይያዝ፣ መነሻውም ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ በእንግሊዝ 7:00፣ እንዳያልፍ።

14ኛው ስለ እናቶቹ ጻፈ። 199ኙ ደረጃ ከአሮጌው ከተማ ቸርች ስትሪት ጀምሮ እስከ ቅድስት ማርያም ደብር ይወጣል። በየመሐሉ ሰፋ ያሉ ማረፊያዎች አሉት፤ ቀድሞ አስከሬን ተሸክመው ወደ መቃብሩ የሚወጡ ሰዎች ሣጥኑን የሚያሳርፉባቸው ነበሩ፤ ዛሬ የደከመው ይቀመጥባቸዋል። ያም ሆኖ ጉልበት ለሚያመው መውጣቱም መውረዱም ከባድ ነው። ገዳሙ ያለበት ገደል ላይ ከጀርባ በመኪና የሚደረስበት ማቆሚያ አለ፤ አውቶቡሱ እናቶቹን እዚያ ያውርድና እዚያው ይመለስላቸው፤ አውቶቡሱ እዚያ መውጣቱን ግን ሾፌሩ አስቀድሞ ይጠይቅ። ፍርስራሹ ጣሪያ የለውም፣ ነፋሱም ብርቱ ነው፤ ነጠላ ብቻ ለብሶ የሚወጣ ይቀዘቅዛል። መግቢያው ለቅርስ ጠባቂው ድርጅት ለኢንግሊሽ ሄሪቴጅ ይከፈላል፤ ቡድን ከሆኑ አስቀድመው ይመዝገቡ። ጨርሶም በምዕራብ ገደል በኩል ሊፍት አለና ወደ አሸዋው በዚያ ይውረዱ ብሎ አከለ። ይህን ግን 15ኛው አረመ፦ የዊትቢው የገደል ሊፍት ከፈረንጆቹ 2022 ጀምሮ ተዘግቷል፤ ድሮ የተጻፈ መመሪያ ይዞ የሄደ ሰው እዚያ ደርሶ ይመለሳል።

16ኛው ክሩን ከመንገዱ አወጣው፤ ቢያወጣውም አልከፋኝም። ገዳሙን ያየ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ልጅ ምን ቦታ እንደቆመ ይወቅ ብሎ ጀመረ። ገዳሙን በፈረንጆቹ 657 የመሠረተችው ሒልድ የምትባል እመ ምኔት ናት፤ መነኮሳቱም መነኮሳዪያቱም በእሷ ሥር ነበሩ። በ664 ንጉሥ ኦስዊ ጉባኤ የጠራው እዚያ ነው፤ ክርክሩም ስለ ፋሲካ ቀን ነበር። የአየርላንድ መነኮሳትን ወክሎ ኮልማን፣ የሮምን ወገን ወክሎ ዊልፍሪድ ተናገሩ፤ አየርላንዶቹ በ84 ዓመት ዑደት ይቆጥሩ ነበር፣ የሮም ወገን ደግሞ ከእስክንድርያ በመጣው በ19 ዓመት ዑደት። ንጉሡ ለሮም ወገን ፈረደ። የእኛ ባሕረ ሐሳብ አበቅቴና መጥቅዕን የሚያዞረው በዚያው በ19 ዓመት ነው፤ ስለዚህ ዊትቢ ላይ የረታው የእኛው ቁጥር ነው፣ እንግሊዞችም ያኔ ከእኛ ጋር አንድ ፋሲካ ያዙ ብሎ ደመደመ። ካድሞን የተባለውን የከብት ጠባቂም አነሣ፤ መዝሙር በሕልሙ የተሰጠው ነው ይባላል፣ በስም የሚታወቀው የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ባለቅኔም እሱ ነው። ከቅዱስ ያሬድ ጋር አነጻጸረው።

17ኛው ዝም አላለም። የ19 ዓመቱ ዑደት ከእስክንድርያ መምጣቱ እውነት ነው፤ ግን ዛሬ ፋሲካችን ከእነሱ ጋር አንድ ነው የሚል ካለ ይሳሳታል። ምዕራባውያን በ1582 የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ያዙ፣ እንግሊዝም በ1752 ተከተለች፤ ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ዓመት ይገጥማል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ይለያያል። 16ኛው ያኔ እንጂ ዛሬ አላልኩም ሲል መለሰ፤ ይህ 18ኛው ምላሽ ነው። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ድምፃቸው ግን ከሚያስፈልገው በላይ ከፍ ብሎ ነበር። በነገራችን ላይ ሒልድ እባቦችን ወደ ድንጋይ ለወጠች የሚል አፈ ታሪክ አለ፤ ድንጋይ የሆኑት እባቦች የሚባሉት በገደሉ ሥር የሚገኙት አሞናይት የተባሉ የጥንት የባሕር እንስሳት የተጠቀለሉ ቅሪተ አካላት ናቸው፤ ከአሞናይቶቹም አንዱ ዝርያ በእሷ ስም ሒልዶሰራስ ተብሏል። ዕድሜያቸው ወደ 180 ሚሊዮን ዓመት ነው። መሬት ላይ የወደቀውን ማንሣት እንጂ ገደሉን መፈልፈል አይገባም።

19ኛዋ ወደ ገበያ መለሰችን። ዊትቢ የምትታወቅበት ጥቁር ጌጥ ጄት ይባላል፤ ድንጋይ ቢመስልም ከአራውካርያ ወገን የሆነ ጥንታዊ እንጨት በባሕር ጭቃ ውስጥ ተጭኖ የሆነው ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ ባሏ በ1861 ሲሞት በሐዘን ስላደረገችው ያኔ በጣም ተፈለገ። አሮጌ ጌጥ የሚገዙ እናቶች እንዲጠነቀቁ እንዲህ አለች፦ እውነተኛው ቀላል ነው፣ ሲነኩትም አይቀዘቅዝም፤ ጥቁር መስታወት ግን ከባድና ቀዝቃዛ ነው። ባልተቀባ የሸክላ ጀርባ ላይ ሲፈተግ ቡናማ መስመር ይተዋል። እሳት ያቃጠለው መርፌ የሚለውን ፈተና ግን አትሞክሩ፤ ጌጡን ያበላሻል። በዚያ ዘመን ከጠንካራ ጎማ የተሠራ አስመሳይም ቡናማ መስመር ስለሚተው መስመሩ ብቻውን አይበቃም፤ ጎማው በብርሃን ብዛት ወደ ቡናማ አረንጓዴ ይደበዝዛል፣ ጄት ግን ጥቁረቱን አይለቅም።

20ኛው ስለ ልጆቹ ነው፤ አጭርና ጠቃሚ። በወደቡ ግድግዳ ላይ ልጆች በገመድ ሸርጣን ያጠምዳሉ። መንጠቆ አያስፈልግም፤ ገመዱ ጫፍ ላይ ትንሽ የመረብ ከረጢትና ክብደት ይታሰራል። ሱቆቹ የሚሸጡት ማባበያ ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ ነው፤ ያንን በእጁ መንካት የማይፈልግ የዓሣ ትርፍራፊ ይጠቀም፤ ሸርጣኑ አይለይም። ባልዲው ውስጥ የባሕር ውኃ ይሁን፣ የቧንቧ አይደለም፤ ብዙ ሸርጣን አንድ ላይ አይከማች፣ ውኃውም በየአሥር ደቂቃው ይቀየር፤ አለዚያ አየር አጥተው ይሞታሉ። ሲይዙት ከኋላ በሁለት ጣት ነው። ውኃው እየሞላ ሲመጣ ይበልጥ ይያዛል፤ ግድግዳው ግን አጥር ስለሌለው በየሁለት ልጅ አንድ ትልቅ ሰው ይቁም።

21ኛው ስለ መዋኘት ጻፈ፤ ሳይዘረጋው ቁም ነገሩን ተናገረ። የሰሜን ባሕር በነሐሴም ከ14 እስከ 15 ዲግሪ ነው። ድንገት የገባ ሰው ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ሰው የሚሰምጠው በዚያ የመጀመሪያ ደቂቃ ነው። ያኔ መንፈራገጥ ትቶ በጀርባ መተኛት፣ ጆሮን ውኃ ውስጥ አድርጎ መንሳፈፍ፣ ትንፋሽ እስኪመለስ እጅን ቀስ አድርጎ ማንቀሳቀስ ነው። በቀይና ቢጫ ባንዲራዎች መካከል ብቻ ይዋኛል፤ ጥቁርና ነጭ ባንዲራ የሰርፍ ሰሌዳ ቦታ ነው፤ ቀይ ብቻ ከሆነ ማንም አይገባም፤ ብርቱካናማ የነፋስ ከረጢት ከተሰቀለ በአየር የሚነፋ መጫወቻ ይዞ መግባት የለም፤ ነፋሱ ወደ መሐል ባሕር ይወስደዋል። ችግር ሲመጣ 999 ተደውሎ የሚጠየቀው ኮስትጋርድ፣ የባሕር ዳርቻ ጠባቂው፣ ነው፤ ፖሊስ አይደለም። ገደል ሥር ስልክ ላይሠራ ስለሚችል መልእክትም ወደ 999 መላክ ይቻላል፤ ስልኩ ግን አስቀድሞ መመዝገብ አለበት፤ ምዝገባው በቤት ሳሉ ይለቅ።

22ኛው ክሩን ሊያፈርሰው ምንም አልቀረው። ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ለእናቶችና ለልጆች ስካርብሮ ይሻላል አለ። የስካርብሮ ደቡብ ዳርቻ ዝርግ ነው፣ አሸዋው ከመንገዱ ጋር ይገናኛል፣ ከላይ ወደ ታች የሚያወርድ ሊፍት አለ፤ የእንግሊዝ የመጀመሪያው የገደል ሐዲድ በ1875 የተከፈተው እዚያ ነው። ባሕር ዳር መዝናናት የሚባለውም በ1620ዎቹ የተገኘውን የማዕድን ውኃ ለመጠጣት ሰው እዚያ መጉረፍ ሲጀምር ነው የተወለደው። ዊትቢን የሚመርጡ ለፎቶ ነው ብሎ መጨረሱ ግን አስቀየመ። እኔ የሊፍቱን ነገር እቀበላለሁ፤ በጋሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ካለ ስካርብሮ በእርግጥ ይቀላል። ጥያቄው ግን ገዳሙን ማየት ለሚፈልጉ እናቶች ነበር፤ የ664ቱ ጉባኤ የተካሄደው ስካርብሮ አይደለም። ከለንደን ሌላ አውቶቡስ ተከራይተን እንምጣ ወይ ላለ ሰውም እዚያው መለሰለት፦ ለንደን ዊትቢ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሾፌር በቀን ከ9 ሰዓት በላይ አይነዳም፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እስከ 10 ይፈቀድለታል፣ ከ4 ሰዓት ተኩል በኋላም 45 ደቂቃ ያርፋል፤ ስለዚህ በአንድ ሾፌር ደርሶ መልስ አይሆንም። በባቡር ዮርክ ድረስ ሁለት ሰዓት ያህል፣ ከዚያ በ840 አውቶቡስ ይምጡ፤ ማደራቸው ግን አይቀርም።

23ኛው የጠያቂዋ ነው፤ ሁሉንም አመስግና አዲስ ዕቅድ አወጣች። ቀኑ ነሐሴ 23። ከሊድስ መነሻ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ በእንግሊዝ 7:00። እናቶቹ ገዳሙ አጠገብ ይወርዳሉ። ወጣቶቹ በኤክስ93 ወደ ሮቢን ሁድስ ቤይ ይሄዳሉ፤ ባሕሩ በሚጎድልበት ሰዓት ፊታቸውን ይመልሳሉ፤ በ7 ሰዓት፣ በእንግሊዝ 1:00፣ አንድም ሰው አሸዋው ላይ አይገኝም። ምሳ በአትክልት ዘይት ከሚጠብስ ቤት፤ ስልክ የምትደውለው እሷ ናት። ልጆቹ ከሰዓት በኋላ ውኃው ሲሞላ ወደቡ ላይ ሸርጣን ያጠምዳሉ። ከባሕሩ የሚነሣ ጉም ቢመጣም ሹራብ ይያዛል፤ ሊድስ ላይ ፀሐይ እያለች ዊትቢ በጉም መሸፈኗ በበጋ የተለመደ ነው፣ ሞቃት አየር ቀዝቃዛው ባሕር ላይ ሲያልፍ ይፈጠራል። ያጨሱት ዓሣ፣ ኪፐር የሚሉት፣ የሚገዛ ሰው አውቶቡሱ ዕቃ ክፍል ውስጥ ያስቀምጠው፤ ወንበር ሥር ከገባ ሽታው ሁለት ሰዓት ሙሉ አብሮ ይጓዛል። መመለሻ 5 ሰዓት ተኩል።

24ኛው ደግሞ ያው 6ኛው ጸሐፊ ነው፤ ዕቅዱን አመሰገነ፣ የመጨረሻውን መስመር ግን እንድታስተካክል ጠየቃት፤ በየትኛው ሰዓት እንደሆነ አልተጻፈበትም። በዚያው ደቂቃ አረመችው፦ መመለሻ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል፣ በእንግሊዝ 5:30።